የባሕር ዳርቻ ቤታችሁ «ኮብራ» መስመር ውስጥ ከገባ፦ ካርታውን በኮንግረስ የማስቀየር ረጅም መንገድ

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በኢንሹራንስ ነው። ሰው ባሕር ዳርቻ ላይ ቤት ያያል፣ ይወዳል፣ በዋጋ ይስማማል። ከዚያ የኢንሹራንስ ወኪሉ ይደውልና «ለዚህ ቤት የፌዴራል የጎርፍ ኢንሹራንስ አይሰጥም» ይለዋል። ምነው? ቤቱ አርጅቶ ነው? አይደለም። ጎርፍ ደጋግሞት ነው? እሱም አይደለም። ቤቱ የቆመበት መሬት በአንድ የፌዴራል ካርታ ላይ ከመስመር ውስጥ ገብቷል።

በበጋ ሜሪላንድ ባሕር ዳርቻ ያለችው ኦሽን ሲቲ ወርዶ አሸዋው ላይ ጋለል ብሎ «እዚህ አንድ ኮንዶ ቢኖረኝ» ያላለ የዲሲ አካባቢ ሐበሻ ጥቂት ነው። አንድ ወዳጄ ከዚያም አልፎ በሰሜን ካሮላይና ባዶ መሬት በርካሽ አገኘሁ ብሎ ደወለልኝ። «ለምን ረከሰ?» አልኩት። «ሻጩ ቸኩሎ ነው» አለኝ። ሻጩ አልቸኮለም። ሁለት ማታ ካርታ ላይ አፍጥጠን ምክንያቱን አገኘነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያኔ ከተማርኩት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ባሕር ዳርቻ ስልም ጣናን ማለቴ አይደለም፤ የአሜሪካን የአትላንቲክና የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ነው።

መጀመሪያ፣ ይህ መስመር ምንድን ነው?

በጥቅምት 1982 ፕሬዚዳንት ሬገን አንድ ሕግ ፈረሙ። ስለ ባሕር ዳርቻ መከላከያ ደሴቶች የወጣ ሕግ ነው። ከጉዳዩ ጋር የሚውሉ ሰዎች በምህጻረ ቃሉ «ኮብራ» ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። መከላከያ ደሴት የሚባሉት ከዋናው መሬት ፊት ለፊት የተዘረጉ ጠባብና ረጃጅም የአሸዋ ደሴቶች ናቸው። ማዕበሉን ቀድመው የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። አሸዋው ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም።

ሕጉ ቤት መሥራት አይከለክልም። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይልም። የሚለው፦ ሥሩ፣ ግን በራሳችሁ ገንዘብ፤ ከግብር ከፋዩ ኪስ አትጠብቁ። የፌዴራል የጎርፍ ኢንሹራንስ የለም። መንግሥት ዋስ የሚሆንባቸው የቤት ብድሮች፣ ኤፍኤችኤ እና (ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጠው) ቪኤ፣ የሉም። ለአዲስ መንገድ፣ ለድልድይ፣ የተሸረሸረውን ዳርቻ በአሸዋ ለማስሞላት የፌዴራል ገንዘብ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ የለም።

ሲጀመር 186 ክልሎችና (ክልል የምለው ካርታው ላይ በመስመር የታጠረውን እያንዳንዱን ቦታ ነው) 453 ሺህ ኤከር ገደማ ነበር። በ1990 ኮንግረስ በጣም አሰፋው። ዛሬ ከ3.5 ሚሊዮን ኤከር በላይ ደርሷል። አንድ ጥናት ሕጉ ከ1989 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ለፌዴራል መንግሥት 9.5 ቢሊዮን ዶላር እንዳዳነ ገምቷል።

ለምን እንደወጣ ማየት የፈለገ ከኦሽን ሲቲ ወደ ደቡብ ይሻገር። አሳቲግ ደሴት አለ፤ የዱር ፈረሶቹን ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ይዘን ሄደን አይተናል። እዚያ በ1950ዎቹ ነጋዴዎች ቦታ ሸንሽነው ሸጠው፣ አስፋልት አንጥፈው ነበር። በመጋቢት 1962 የመጣ ማዕበል አስፋልቱን ቆራርጦ፣ የነበሩትን ቤቶች ጠራርጎ ሄደ። በ1965 ደሴቱ ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ፓርክ ሆነ። የድሮው አስፋልት ስብርባሪ ዛሬም ከአሸዋው መሐል ብቅ ይላል። እኔ በበኩሌ ሕጉ ፍትሐዊ ነው ባይ ነኝ። ካርታው ግን ሰው የሠራው ነው፤ ሰው ይሳሳታል።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ውስጥ ናችሁ?

ካርታውን የሚይዘው የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ነው። ከዚህ በታች «አገልግሎቱ» ስል እሱን ነው። ድረ ገጹ ላይ አድራሻ አስገብታችሁ መሬቱን የምታዩበት ነጻ ካርታ አለ። ቤታችሁ ከመስመሩ ራቅ ካለ መልሱን እዚያው ታገኛላችሁ። መስመሩ አጥራችሁን ከነካ ወይም ጣራችሁን ካቋረጠ ግን በዓይን ግምት አትወስኑ። ለአገልግሎቱ ጻፉና በጽሑፍ ይፋዊ ውሳኔ ጠይቁ። የንብረቱን ሰነድ፣ የቀያሽ ካርታና የቤቱን ትክክለኛ ቦታ አያይዙ። ቤቱ ከመስመሩ ውጭ ሆኖ ጓሮው ብቻ ውስጥ የገባበት ጊዜ አለ፤ ለኢንሹራንስ የሚታየው ደግሞ ቤቱ የቆመበት ቦታ ነው። ያኔ ኮንግረስ ድረስ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል።

የክልሉን ስም ጻፉት። ፊደልና ቁጥር ነው። መጨረሻው ላይ «ፒ» ካለበት፣ ለምሳሌ የአሳቲጉ ኤምዲ-01ፒ፣ ቀድሞውንም በሌላ መንገድ የተጠበቀ ቦታ ነው ማለት ነው፦ ፓርክ፣ የዱር እንስሳት መጠለያ፣ የመሳሰለው። እዚያ የሚከለከለው የፌዴራል የጎርፍ ኢንሹራንስ ብቻ ነው። «ፒ» ከሌለው ሙሉው ክልከላ አለ። ይህች አንድ ፊደል በኋላ የምታቀርቡትን ክርክር ሙሉ በሙሉ ትቀይረዋለች።

ደረጃ 2፦ ቀኑን እወቁ

መሬታችሁ ከመስመሩ ውስጥ መቼ ገባ? በ1982 ነው? በ1990 ነው? በቅርቡ ነው? ሁለት ነገር በዚህ ቀን ላይ ይንጠለጠላል።

አንደኛው፣ ቤቱ ከክልከላው ቀን በፊት የተሠራ ከሆነ የፌዴራል ኢንሹራንስ እስከ ዛሬም ሊያገኝ ይችላል። በመጀመሪያው ሕግ ለገቡት ቀኑ ጥቅምት 1 ቀን 1983 ነው። በ1990 ለገቡ ሙሉ ክልሎች («ፒ» ለሌላቸው) ኅዳር 16 ቀን 1990፣ ለ«ፒ»ዎቹ ኅዳር 16 ቀን 1991 ነው። (ወሮቹ ኦክቶበርና ኖቬምበር ናቸው።) የግንባታ ፈቃዱንና ቤቱ የተሠራበትን ጊዜ የሚያሳይ ወረቀት ለወኪሉ ስጡና ጠይቁት። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ቤቱ ከገበያ ዋጋው ግማሹን ያህል ወጪ የሚጠይቅ ጉዳት ከደረሰበት፣ ወይም ያንን ያህል ዕድሳት ከተደረገለት፣ ይህ መብት ይቀራል። ወጥ ቤቱን አፍርሰው ፎቅ ጨምረው ኢንሹራንሱን ያጡ አሉ።

ሁለተኛው ዋናው ነው። አገልግሎቱም ሆነ የኮንግረስ ኮሚቴዎች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ *መስመሩ በተሰመረበት ጊዜ መሬቱ ላይ ምን ነበር?* ዛሬ ሃምሳ ቤት ቢኖር አይረዳችሁም። ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ቢያለቅሱ አይረዳችሁም። ክርክሩ ስለ ዛሬ ቢመስልም የሚፈረደው ባለፈው ነው።

ደረጃ 3፦ አቤቱታችሁ የቱ ጋ ይወድቃል?

በደፈናው ሦስት ዓይነት ሰው አለ።

ባሕሩ አሸዋውን አንቀሳቅሶ መስመሩ ውኃ ላይ ወይም ሌላ ቦታ የቀረበት አለ። ይህን አገልግሎቱ ራሱ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ እያየ ማስተካከል ይችላል። ሕግ አያስፈልግም። ደብዳቤ ጻፉ፣ በቃ።

«አሁን እኮ እዚህ ከተማ ተሠርቷል፣ አውጡን» የሚል አለ። ይህ ሰው ብዙ ነው፤ ዕድሉ ግን ጠባብ ነው። የሰሜን ቶፕሴይል ቢች ነገር ጥሩ ማሳያ ነው። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ኤል06 የሚባለው ክልል ከመሬቷ ትልቁን ድርሻ ይዟል። ባለመሬቶች ገና ከመጀመሪያው ክስ መሠረቱ። በ1985 በፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ክልሉን ለማስወጣት በተደጋጋሚ ረቂቅ ሕግ ቀርቧል። አገልግሎቱም መሬቱ በ1982 ያልለማ ነበር እያለ ሲቃወም ኖሯል።

ሦስተኛው ሰው «ከመጀመሪያውም በስህተት ነው የገባሁት» የሚለው ነው። መንገዱ የተከፈተው ለዚህ ነው፤ ቴክኒካዊ እርማት ይሉታል። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ለእሱ ነው።

ስህተት የሚባለው ምንድን ነው? ለሙሉ ክልል መለኪያው ይህ ነው፦ በማዕበል በማይሸፈነው ደረቅ መሬት ላይ ለአምስት ኤከር ከአንድ ሕንፃ በታች ካለ፣ መሬቱ ያልለማ ይባላል። 40 ኤከር ቢሆን ስምንት ሕንፃ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሕንፃ የሚባለው ግድግዳና ጣራ ያለው፣ መሬት ላይ ተተክሎ የቆመ፣ ከ200 ስኩዌር ፊት በላይ የሚሸፍን ነው። የመሣሪያ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ቤት አይቆጠርም። የሚቆጠረውም የእናንተ ቁራጭ ብቻ ሳይሆን አካባቢው በጅምላ ነው።

ሕንፃው ባይሞላም ሌላ በር አለ፦ መሠረተ ልማት። መንገድ፣ ውኃ፣ መብራት፣ የፍሳሽ ማስወገጃ። አራቱም ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቦታ መድረስ አለባቸው፤ ሦስቱ ኖረው አንዱ ከጎደለ ወደቃችሁ። እንደገና፣ በዚያን ጊዜ መሬት ላይ የነበሩ መሆን አለባቸው። በወረቀት የተሸነሸነ ፕላን አይረዳም። ችካል አይረዳም። «ኮንትራክተሩ ተዋውሎ ነበር» አይረዳም።

ለ«ፒ» ክልል ጥያቄው ቀለል ይላል። መስመሩ የፓርኩን ድንበር እንዲከተል ታስቦ ነበር? ታዲያ የግል መሬታችሁን ለምን ቆረጠ? ከሁሉም ጠንካራ አቤቱታ የማየው ይህንን ነው።

እንዲህ ያለ ስህተት እንዴት ተፈጠረ ለሚል፣ አንድ ነገር በእጃችሁ ሞክሩ። የድሮዎቹ ካርታዎች በአብዛኛው በ1 ለ24,000 መጠን በተሠሩ የመንግሥት የመልክዓ ምድር ካርታዎች ላይ በእጅ የተሰመሩ ናቸው። እስክሪብቶ አንሡና ወረቀት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስመር አስምሩ። ያቺ መስመር መሬት ላይ 24 ሜትር ስፋት አላት። አንድ ቤት ከነግቢው ከሥሯ ይገባል። ካርታው ራሱ አሮጌ ከሆነ ደግሞ፣ ሰማንያዎቹ ላይ ቆሞ የነበረው መንገድ ላዩ ላይ የለም።

ደረጃ 4፦ ማስረጃ መልቀም

ከሁሉም የሚበልጠው የአየር ላይ ፎቶ ነው። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የድሮ የአየር ፎቶዎች በነጻ ይወርዳሉ። መስመሩ ከተሰመረበት ቀን በፊት ያለውን የቅርቡን ፈልጉ። ከኋላው ያለው ምንም ቢያምር ጥሉት።

ከዚያ ወደ ካውንቲው ሂዱ። የግንባታ ፈቃዶች፣ የግብር መዝገብ፣ የመሬት ሽንሸና ፕላን፤ ሁሉም ቀን አላቸው። የውኃና የመብራት ድርጅቱን «መስመሩ እዚህ መንገድ ላይ የተዘረጋው መቼ ነው?» ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የፓርክ ጉዳይ ከሆነ ፓርኩ መሬት የገዛበትን ሰነድና የድንበር ካርታውን ጨምሩ።

እዚህ ጋ ታጋሽ ሁኑ። መዝገብ ቤት የሚሠሩ እትዬዎች በየትም አገር አንድ ናቸው። በትሕትና ለጠየቃቸው ከሥር ያለውን ሳጥን ያወጡለታል፤ ለጮኸባቸው «ሲስተም የለም»።

ደረጃ 5፦ ለአገልግሎቱ መጻፍ

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ስለ ልፋታችሁ፣ ስለ ልጆቻችሁ፣ ስለ ባንኩ አትጻፉ። በእንግሊዝኛ የምትጽፉት መንፈሱ እንዲህ ይሁን፦

«በዚህ አድራሻ ያለው ንብረት በዚህ ክልል ውስጥ በ1990 ተካቷል። በዚያን ጊዜ በአካባቢው ይህን ያህል ኤከር ደረቅ መሬት ላይ ይህን ያህል ሕንፃ እንደነበረ አባሪ 1 ያሳያል። መንገድ፣ ውኃ፣ መብራትና ፍሳሽ ለእያንዳንዱ ቦታ ደርሶ እንደነበረ ከአባሪ 2 እስከ 5 ያሳያሉ። መስመሩ በስህተት የተሰመረ መሆኑ እንዲጣራልን እንጠይቃለን።»

ይኸው ነው። አገልግሎቱ የራሱን የታሪክ ምርመራ ያደርጋል፤ ተራ አለው፣ ተራው ረጅም ነው። ስህተቱን ቢያምንላችሁ እንኳ መስመሩን ራሱ ማንሳት አይችልም። ያሰመረው ኮንግረስ ስለሆነ የሚያነሳውም ኮንግረስ ነው።

አንድ ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። አገልግሎቱ አንድ ቤት ብቻ ነጥሎ ማውጣት አይወድም። የሚወደው የክልሉን ካርታ በሙሉ አዲስ መሥራት ነው። ሲሠራ ደግሞ መውጣት ያለበት ይወጣል፣ መግባት የነበረበትም ይገባል። እናንተ ስትወጡ ከመንገዱ ማዶ ያለው የጎረቤታችሁ ባዶ መሬት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ቡና አፍልታችሁ ጎረቤት ጥሩ። በኋላ በጋዜጣ ቢሰማው ጠላት ታፈራላችሁ፤ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ የሚቃወማችሁም እሱ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ የምክር ቤት አባሉ ቢሮ

ንብረቱ ያለበትን የምርጫ ወረዳ የሚወክለውን የተወካዮች ምክር ቤት አባልና የግዛቱን ሁለት ሴናተሮች ፈልጉ። የምትኖሩት ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤቱ ያለው ካሮላይና ከሆነ፣ ዋናው የካሮላይናው ነው። እናንተ እዚያ ስለማትመርጡ፣ እዚያ የሚኖሩ ጎረቤቶቻችሁን አስፈርማችሁ ሂዱ። የከተማው ወይም የካውንቲው ምክር ቤት የድጋፍ ውሳኔ ቢያወጣ ሚዛን ይደፋል።

ዋሽንግተን ሮጣችሁ አትሂዱ። በወረዳው ያለው ቢሮ የዜጎችን ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ አለው። ሁለት ገጽ ማጠቃለያ፣ አንድ ካርታና የአገልግሎቱን መልስ ይዛችሁ ቅረቡ። መልሱ በጎ ከሆነ ሥራው ተጋመሰ። ካልሆነ ሠራተኛው በትሕትና ይሸኛችኋል፤ አለቃው የባለሙያ መሥሪያ ቤት የተቃወመውን ረቂቅ ማቅረብ ይከብደዋል።

ደረጃ 7፦ ረቂቅ ካርታና የሕዝብ አስተያየት

አገልግሎቱ አዲሱን ካርታ ሲያዘጋጅ መጀመሪያ ረቂቁን አውጥቶ አስተያየት ይቀበላል። ይህችን ጊዜ አታሳልፏት። «እቃወማለሁ» ብቻ ብሎ መላክ ዋጋ የለውም። «ይህ መስመር እዚህ ቦታ ላይ ተሳስቷል፣ ማስረጃዬ ይኸው» የሚል አስተያየት ግን ይነበባል፤ መልስም ይሰጠዋል። አካባቢ ጠባቂዎች በሌላ ወገን ይጽፋሉ። መብታቸው ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነታቸውን ነው። ከዚህ በኋላ የመጨረሻው ካርታ ለኮንግረስ ይቀርባል፤ ግን ኮንግረስ እስኪያጸድቀው ድረስ የሚሠራው አሮጌው ነው።

ደረጃ 8፦ ሕጉ

ረቂቅ ሕጉን ስታዩት ትገረማላችሁ። የማዕዘን ልኬት የለው፣ የመንገድ ስም የለው። አንድ ገጽ ቢሆን ነው። ፍሬ ነገሩ፦ «ከዚህ ክልል ጋር የተያያዘው ካርታ፣ ይህ ርዕስና ይህ ቀን ባለው ካርታ ተተክቷል።» ስለዚህ ረቂቁ ላይ የተጻፈው ቀን በእጃችሁ ካለው የመጨረሻ ካርታ ቀን ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ሌላ ቀን ከተጻፈ የጸደቀው ሌላ ካርታ ነው።

በተወካዮች ምክር ቤት ወደ የተፈጥሮ ሀብት ኮሚቴ፣ በሴኔት ወደ የአካባቢና የሕዝብ ሥራዎች ኮሚቴ ይመራል። አገልግሎቱ ቀርቦ አቋሙን ይናገራል። ሁለቱም ምክር ቤቶች አንድ ዓይነት ቃል ያለው ሕግ ማጽደቅ አለባቸው፤ ከዚያ ፕሬዚዳንቱ ይፈርማሉ። የሁለት ዓመቱ የኮንግረስ ዘመን ሳይጸድቅ ካለቀ ረቂቁ ይሞታል፤ እንደገና ከዜሮ ነው።

ትንሽ ረቂቅ ብቻውን እምብዛም አይሄድም። ከሌሎች ጋር ታስሮ ነው የሚያልፈው። በ2018 መጨረሻ የጸደቀው ሕግ የበርካታ ግዛቶችን ካርታ በአንዴ ለውጧል። በኅዳር 2024 የተፈረመውም እንዲሁ። የዚህኛው ታሪክ የጊዜውን ርዝመት ያሳያችኋል። ሳንዲ የተባለው ከባድ ማዕበል የመጣው በ2012 ነው። ከሱ በኋላ ሜሪላንድና ቨርጂኒያን ጨምሮ የዘጠኝ ግዛቶች ካርታ ተከለሰ። ካርታው ተሠርቶ፣ አስተያየት ተሰብስቦ፣ ሕግ እስኪሆን አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ሲጸድቅም ከ270 ሺህ ኤከር በላይ ጨመረ። ይህን የማነሳው ካርታ ሲነካ መሬት የሚወጣ ብቻ ለሚመስላቸው ነው።

እስከዚያው

የግል የጎርፍ ኢንሹራንስ መግዛት አልተከለከለም፤ ዋጋው ይቆነጥጣል እንጂ። ከሁለት ሦስት ቦታ አጠይቁ። ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ተዉትና ዋጋውን አስቀንሱ፣ ወይም ሂዱ። ወዳጄ ሄደ። ነገር ግን እስካሁን ያንን መሬት ኢንተርኔት ላይ እየከፈተ ያያል።

ደረጃ 9፦ ከተፈረመ በኋላ

ሕጉ በወጣ ማግሥት ኢንሹራንስ በር ላይ አይደርስም። አዲሱ ካርታ ድረ ገጹ ላይ መውጣቱን ተከታተሉ፣ ከአገልግሎቱ አዲስ የጽሑፍ ማረጋገጫ ውሰዱ፣ ለወኪሉና ለባንኩ ስጡ። ከተማው ወይም ካውንቲው በብሔራዊ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ውስጥ መኖሩንም አጣሩ፤ ከሌለ ከመስመሩ መውጣታችሁ ለብቻው አይበቃም። ፕሮግራሙ ለመኖሪያ ቤት እስከ 250 ሺህ ዶላር፣ ለዕቃ እስከ 100 ሺህ ዶላር ይሸፍናል። አዲስ ውል ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ካልሞላው አይጸናም። የአትላንቲክ የማዕበል ወቅት የሚገባው ጁን 1 ስለሆነ፣ ፊርማችሁን ከሜይ መጀመሪያ አታሳልፉ።